ፖቶማክ ዳር መኪና በሌለበት ጠጠር መንገድ ሳይክል መንዳት፦ ሳትንገላቱ ሄዳችሁ የምትመለሱበት ዝርዝር መመሪያ

ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ካለን ሰዎች በየሰመሩ የምሰማው ታሪክ አንድ ነው። ሳይክል ይገዛል፣ ቅዳሜ ከጓደኛ ጋር ጆርጅታውን ይኬዳል፣ ሲ ኤንድ ኦ ካናል የሚባለው የድሮ ቦይ ዳር ያለው መንገድ ላይ ይገባል፣ ከዛ 8ኛው ማይል ላይ ወይ ጎማ ይተነፍሳል ወይ ውሃ ያልቃል ወይ መቀመጫ ያቃጥላል፣ ሳይክሉን እየገፉ መመለስ ነው፣ ሳይክሉም ባልኮኒ ላይ ልብስ ማስጫ ሆኖ ይቀራል።

መንገዱ ግን ከባድ አይደለም። ከጆርጅታውን እስከ ከምበርላንድ 184.5 ማይል ነው፣ ወደ 297 ኪሎ ሜትር፣ በአንድ በኩል ወንዙ በሌላ በኩል የድሮው ቦይ፣ መኪና ዝር አይልበትም፣ ዳገትም የለውም ማለት ይቻላል። ሰው የሚሸነፈው ቤት ሲዘጋጅና መች ልዙር የሚለውን ሲወስን ነው፣ ስለዚህ እዚህም ብዙ የማወራው ስለነዚህ ሁለቱ ነው። ለመጀመሪያ ጉዞ የመረጥኩላችሁ ከፔኒፊልድ ሎክ እስከ ኤድዋርድስ ፌሪ ያለውን ክፍል ነው፣ ደርሶ መልስ 22.4 ማይል (36 ኪሎ ሜትር)፣ ግን መሀል ላይ ማሳጠር ይቻላል።

1. መነሻችሁን አስተካክሉ

ከጆርጅታውን አትጀምሩ። እዛ ጋ የእግረኛው ብዛት፣ ግፊያው፣ በየሎኩ አጭር አጭር አቀበት፣ ከዛ ግሬት ፎልስ አካባቢ ድንጋያማ ቦታና የቱሪስት መዓት አለ። ሎክ የሚሉት ጀልባ ከፍ ዝቅ ያደርግ የነበረውን የድንጋይ የውሃ በር ነው፣ ግሬት ፎልስ ጋ ያለው 20ኛው ነው፣ አስቡት፣ በ14 ማይል ውስጥ 20 ሎክ። ከዛ በላይ ግን ይራራቃሉ፣ መንገዱም ይለጠጣል፣ ሰውም ይቀንሳል።

ፔኒፊልድ 19.6ኛው ማይል ላይ ነው። በመኪና ከ495 ሀይዌይ በ39ኛው መውጫ ወጥታችሁ ሪቨር ሮድን ወደ ምዕራብ ያዙ፣ ፖቶማክ ከተማን አልፋችሁ በስተግራ ፔኒፊልድ ሎክ ሮድ የሚል አለ። ፓርኪንጉ ጠባብ ነው፣ ቅዳሜና እሁድ ከጠዋቱ 2 ሰዓት (በነሱ 8) በፊት ድረሱ። ሞልቶ ካገኛችሁት መንገድ ዳር ጥላችሁ አትግቡ፣ ወደ ራይሊስ ሎክ እለፉ፣ እሱ 22.7ኛው ማይል ላይ ነው፣ ጉዞው ደርሶ መልስ በ6 ማይል ያጥርላችኋል እንጂ ምንም አይጎድልባችሁም።

መኪና ለሌላችሁ፦ ሜትሮ ባቡር ሳይክል በማንኛውም ሰዓት ያስገባል፣ መሀለኛውን በር ትታችሁ በዳርና በዳር ባሉት ግቡ፣ ኤስካሌተር ሳይሆን ሊፍት ተጠቀሙ። ቤተስዳ ወርዳችሁ ካፒታል ክሬሰንት ትሬይልን እስከ ፍሌቸርስ ኮቭ መከተል ነው፣ አስፋልት ነው፣ እዛ ጋ ወደ ጠጠሩ ትሻገራላችሁ፣ 3ኛው ማይል አካባቢ፣ ፔኒፊልድ ግን ከዛ ገና 16 ማይል ይርቃል። ስትሄዱ ቁልቁል ነው፣ ስትመለሱ ደክሟችሁ ዳገቱን እንደምትወጡ ግን ከወዲሁ ይታሰብበት።

2. ቀኑን ምረጡ

ከባድ ዝናብ ከዘነበ 2 ቀን ጠብቁ። እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው፣ ፀሐይ ወጥቷል ብሎ ይሄዳል፣ ግን መንገዱ በዛፍ ጥላ ስር ስለሆነ አስፋልቱ ደርቆ እሱ ጭቃ ነው፣ ጭቃው ፍሬኑ ውስጥ ይጠቀጠቅና ጎማው አልዞርም ይላል። ፖቶማክ ሲሞላ ደግሞ መንገዱ ራሱ ውሃ ስር የሚገባበት ጊዜ አለ። ማታ ላይ የሲ ኤንድ ኦ ካናል ፓርክን ድረ ገጽ ክፈቱና የተዘጋ ክፍል ካለ እዩ፣ 2 ደቂቃ አይፈጅም።

ፓርኩ ከፀሐይ መውጫ እስከ መግቢያ ነው። ዲሴምበር ላይ ፀሐይ ከ11 ሰዓት (በነሱ 5) በፊት ትጠልቃለች፣ ዛፉ ውስጥ ደግሞ ከዛም ቀድሞ ይጨልማል። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ እንሄዳለን ለምትሉ፣ በሰመር ይቻላል፣ በዊንተር ግን አጭሩን ብቻ ያዙ።

3. ሳይክሉን ከዋዜማው አዘጋጁ

ጠዋት ፓርኪንግ ላይ ቆማችሁ አይደለም፣ ከዋዜማው ማታ።

1. ጎማ። ቀጭን የአስፋልት ጎማ ይዛችሁ አትምጡ። 35 ሚሊሜትር ዝቅተኛው ነው፣ ከ40 በላይ ከሆነ ይመረጣል፣ ስፋቱ ጎማው ጎን ላይ ተጽፏል። ማውንቴን ባይክ ካላችሁ በቂ ነው፣ አዲስ ሳይክል መግዛት አያስፈልግም፣ ሱቅ ያለው ሰው ሌላ ቢላችሁም።

2. ንፋስ። ድርቅ አድርጋችሁ አትሙሉ። ጠጠር ላይ ድንጋይ የሆነ ጎማ ያንቀጠቅጣችኋል፣ ይንሸራተታል፣ እጅም ያደነዝዛል። 40 ሚሊሜትር ጎማ ላይ 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው ከ35 እስከ 45 ፒኤስአይ (ፓምፑ ላይ ያለው የንፋስ መለኪያ) ይበቃዋል፣ ከበድ ካላችሁ ጨመር፣ የኋላውን ከፊተኛው ትንሽ አብልጡ። ጎማው ላይ ከተጻፈው ከፍተኛና ዝቅተኛ ቁጥር ግን አትውጡ። ከመጠን በላይ ካስተነፈሳችሁ ደግሞ የዛፍ ሥር ላይ ስትወጡ ቸርኬው ትዩቡን ቆንጥጦ ይበሳዋል።

3. ፍሬን። ሁለቱንም ጨብጡና ሳይክሉን ወደፊት ግፉ፣ ከተንሸራተተ ወይም እጀታው መሪውን የሚነካ ከሆነ አሠሩት።

4. ካቴና። በጨርቅ ጥረጉ፣ ዘይት ጠብ ጠብ አድርጉ፣ ትርፉን መልሳችሁ ጥረጉ። በዘይት የጨቀየ ካቴና አቧራውን ሁሉ ሰብስቦ ነው የሚመጣው፣ የምግብ ዘይት ደግሞ አይሆንም፣ ያደረገ ሰው ስላየሁ ነው።

5. ኮርቻ። ተቀምጣችሁ ተረከዛችሁን ፔዳል ላይ አድርጉ፣ ፔዳሉ ታች ሲደርስ ጉልበት ቀጥ ማለት አለበት። ብዙዎቻችን ዝቅ አድርገን ነው የምንነዳው፣ እግራችን መሬት እንዲነካ፣ ጉልበት የሚያመንም ለዛ ነው።

4. ቦርሳ ውስጥ የሚገባ

- መለዋወጫ ትዩብ፣ ትክክለኛው። ስፋቱም የቫልቩም ዓይነት ከራሳችሁ ጎማ ጋር አንድ መሆን አለበት። ቫልቭ በብዛት ሁለት ዓይነት ነው፣ እንደ መኪና ጎማ ወፍራም የሆነውና ቀጭኑ ጫፉ የሚፈታው። እኔ አንዴ ሻጩ «ይገባል ይገባል» ብሎኝ ወፍራሙን ገዛሁ፣ 25ኛው ማይል ላይ ጎማዬ ሲተነፍስ ለካ የቸርኬዬ ቀዳዳ ለቀጭኑ ነው የተሠራው፣ እስከ ራይሊስ ሎክ አንድ ሰዓት ገደማ ስገፋ በመንገዴ ሁሉ የሻጩን ዘመዶች ሳነሳ ነበር።
- ትንሽ ፓምፕ፣ ከሳይክላችሁ ቫልቭ ጋር ቤት ውስጥ ተሞክሮ የሠራ
- ሁለት የፕላስቲክ ጎማ መፈንቀያ፣ ትዩብ መለጠፊያ ፓች፣ አለን ኪ (ባለ ስድስት ጎን ብሎን መፍቻ)
- ሄልሜት፣ ደወል፣ የፊትና የኋላ መብራት
- ቻርጅ የሞላ ስልክ፣ ካርታውን ኦፍላይን አውርዳችሁ፣ ኔትወርክ የሚጠፋበት ቦታ ስላለ
- ወረንጦ፣ ፕላስተር፣ የነፍሳት መከላከያ
- ፌስታል። ፓርኩ ውስጥ የቆሻሻ ገንዳ አትፈልጉ፣ ያመጣችሁትን ይዛችሁ ትመለሳላችሁ።

ረጅም ቀሚስ ወይም ሰፊ ሱሪ የምትለብሱ የቀኙን እግር ጠርዝ እሰሩት፣ ካቴናው ሲነክስ አይለቅም።

5. ውሃና ምግብ

ለአንድ ሰው ቢያንስ 2 ሊትር ያዙ፣ ጁላይና ኦገስት 3። መንገድ ላይ እገዛለሁ አትበሉ፣ በዚህ ክፍል ሱቅ የለም። የወንዙንና የቦዩን ውሃ እንዳትጠጡ።

ምግቡ ላይ እኛ እድለኞች ነን። በሶ በውሃ በጥብጣችሁ፣ ማር ወይም ስኳርና ቁንጥር ጨው ጨምራችሁ አንድ ኮዳ ሙሉ፣ ከነዛ ውድ የስፖርት ዱቄቶች ምን አንሶት። ግን ቀጠን አድርጉት፣ ወፍራሙ ኮዳው አፍ ላይ ይጣበቃል፣ በሙቀት ቀን ደግሞ በ3 ሰዓት ውስጥ ጠጥታችሁ ጨርሱት፣ ይቦካል። ዳቦ ቆሎና ተምርም ጥሩ ነው። ሳይርባችሁ በየ45 ደቂቃው ትንሽ ትንሽ ብሉ።

ጾም ላይ ያላችሁ፣ እስከ ቀትር ወይም እስከ 9 ሰዓት ምንም የማትቀምሱ ከሆነ በዛ ቀን ይሄን ጉዞ አታድርጉ። ሰመር ላይ ያለ ውሃ 3 ሰዓት መንዳት ትዕግስት አይደለም፣ አምቡላንስ መጥራት ነው። ከፈታችሁ በኋላ አጭሩን ሂዱ ወይም በሌላ ቀን አድርጉት።

6. ጉዞው፣ ማይል በማይል

ከፓርኪንጉ ወደ ሎኩ ሂዱና ቦዩን ተሻገሩ። አሁን ቆም በሉና እዩ፦ ወንዙ በግራ፣ ቦዩ በቀኝ ከሆነ ወደ ላይ እየሄዳችሁ ነው፣ ትክክል ናችሁ። በየማይሉ ምልክት አለ፣ ቁጥሩ እየጨመረ መሄድ አለበት። 18 ካያችሁ ተገላብጣችኋል።

ከ19.6 እስከ 22.1 (ቫዮሌትስ ሎክ)። መሞቂያ ናት። ቀላል ማርሽ አስገቡና እግራችሁ ቶሎ ቶሎ ይዙር፣ ጉልበት አታብዙ። 20ኛው ማይል አካባቢ ዲየርሰን የሚባል የውሃ ወፎች መጠለያ አለ፣ ዝይና ዳክዬ ይበዛበታል። ዝይ ከነልጆቿ መንገድ ላይ ካገኛችሁ ቀስ ብላችሁ ወይም ወርዳችሁ እለፉ፣ ወደ ልጆቿ ከተጠጋችሁ መጥታ ነው የምትነክሰው።

ከ22.1 እስከ 22.7 (ራይሊስ ሎክ)። ቦዩ ውሃ የሚሞላው ከቫዮሌትስ ወደ ታች ነው፣ ከዛ በላይ እየደረቀ ረግረግና ዛፍ ይሆናል፣ ቢምቢም የሚጀምረው እዚህ ነው፣ መከላከያውን አሁን ተቀቡ። ራይሊስ ጋ የሴኔካ ወንዝን የምትሻገሩት በድሮው የቀይ ድንጋይ ድልድይ ነው፣ ከሳይክል ውረዱና እየገፋችሁ እለፉ፣ ጠባብ ነው፣ ሰውም ፎቶ የሚነሳው እዛው መሀል ላይ ነው።

ራይሊስ ሎክ የመጀመሪያው የመዞሪያ ቦታ ነው። ደርሶ መልስ 6.2 ማይል፣ 10 ኪሎ ሜትር። ሳይክል ከነዳ ዓመታት ላለፈው ወይም ልጅ ለያዘ ይሄ በቂ ነው፣ አያሳፍርም።

ከ22.7 እስከ 27.2 (ሲካሞር ላንዲንግ)። ሰው ይቀንሳል፣ ጸጥ ይላል፣ የሚሰማው የጠጠሩ ድምፅ ብቻ ነው። ችግሩ የዛፍ ሥር ነው። ሥር ወይም ጉድጓድ ስታዩ ፔዳሉን አቁሙ፣ ሁለቱ ፔዳሎች እኩል ከፍታ ላይ ይሁኑ፣ ከኮርቻ ትንሽ ብድግ በሉ፣ ክርን ይታጠፍ፣ ሳይክሉ ከስራችሁ ይዝለል። ሥሩን በሰያፍ አትውጡት፣ በተለይ እርጥብ ከሆነ፣ ቀጥታ ነው የሚወጣው። መኸር ላይ ደግሞ ቅጠሉ ሥሩን ይሸፍነዋል፣ ፍጥነት ቀንሱ።

እዚህ አካባቢ ከቦዩ ባሻገር መኪ ቤሸርስ የሚባለው የዱር እንስሳት ክልል አለ፣ ጁላይ አጋማሽ ላይ የሱፍ አበባ ማሳው የሚታወቀው እሱ ነው። አደን የሚፈቀድበት ቦታ ስለሆነ በአደን ወቅት ደማቅ ብርቱካናማ ልበሱ፣ ከመንገዱም አትውጡ። ተኩስ ብትሰሙ አትደንግጡ።

ከ27.2 እስከ 30.8 (ኤድዋርድስ ፌሪ)። ጉልበት ካላችሁ ብቻ። ቀጥ ያለ ነው፣ ሜዳ ነው፣ ሜዳ መሆኑ ነው ደግሞ የሚያደክመው፣ ምክንያቱም ቁልቁለት ስለሌለ አንዴም እግር አያርፍም፣ መቀመጫም ከኮርቻው አይነሳም። በየ10 ደቂቃው ለግማሽ ደቂቃ ቆማችሁ ንዱ፣ የእጃችሁን አያያዝም ቀያይሩ።

በመንገዱ ሁሉ የሚሠራ፦ ከፍተኛው ፍጥነት በሰዓት 15 ማይል ነው። ሰው ስትቀድሙ ከሩቅ ደወል ምቱ፣ «ኦን ዩር ሌፍት» በሉና በግራ እለፉ። በአንድ ረድፍ ንዱ። ፈረስ ካገኛችሁ ቁሙ፣ ድምፅ አሰሙ፣ ጋላቢው እለፉ ሲላችሁ ብቻ እለፉ። ፍሬን ስትይዙ የፊተኛውን ብቻ ድንገት አትጨብጡ፣ ጠጠር ላይ ጎማው ይከዳችኋል፣ ሁለቱንም ቀስ አድርጋችሁ ከመታጠፊያው በፊት ያዙ።

7. መዞር

ሕጉ ይሄ ነው፦ ከያዛችሁት ውሃ ግማሹ ሲያልቅ ወይም ካቀዳችሁት ሰዓት ግማሹ ሲሞላ፣ የቀደመው ላይ ትዞራላችሁ። ማይል 29 ላይ ብትሆኑም፣ ኤድዋርድስ ፌሪ «እኮ ቅርብ ናት» ቢባልም። ጀማሪ ጠጠር ላይ በሰዓት 8 ወይም 9 ማይል ነው የሚነዳው፣ ስለዚህ ሙሉው ጉዞ ከእረፍት ጋር ወደ 4 ሰዓት ይፈጃል። ስትነሱ የመዞሪያውን ሰዓት ስልክ ላይ አላርም ሙሉት፣ ከጓደኛ ጋር ስትሆኑ «ትንሽ እንቀጥል» የሚል አይጠፋምና ውሳኔውን ስልኩ ይወስን።

እጅ ከደነዘዘ፣ ጉልበት መውጋት ከጀመረ፣ ወይም ከመካከላችሁ አንዱ ወሬ ካቆመ፣ እዛው ዙሩ። ዝም ያለ ሰው ደክሞታል ማለት ነው፣ በባህላችን ደከመኝ አይባልማ።

8. ሲበላሽ

ጎማ ከተነፈሰ፦

1. ከመንገዱ ዳር ሁኑ ግን ሣር ውስጥ አትግቡ። የኋላው ጎማ ከሆነ መጀመሪያ ካቴናውን ወደ ትንሹ ጥርስ አምጡት፣ ከዛ ሳይክሉን ገልብጡ።
2. ጎማውን ከሳይክሉ አውጡ። ዲስክ ፍሬን ከሆነ ጎማው በወጣበት እጀታውን አትጨብጡ፣ ሸክላው ይገጥምና ዲስኩ አልገባም ይላችኋል።
3. የቀረውን ንፋስ አውጡ፣ መፈንቀያውን ከቫልቩ በተቃራኒ በኩል አስገብታችሁ አንዱን ጠርዝ ብቻ አውጡ፣ ትዩቡን ጎትቱ።
4. ይሄን አትዝለሉ፦ የጎማውን ውስጥ ዙሪያውን በጨርቅ ዳስሱ፣ እሾኩ እዛው አለ። ሳታወጡት አዲስ ትዩብ ከከተታችሁ 5 ደቂቃ ሳይሞላ ድጋሚ ትቆማላችሁ።
5. አዲሱን ትዩብ ክብ እስኪሆን ብቻ ትንሽ ንፉ፣ ቫልቩን አስቀድማችሁ አስገቡ፣ ከዛ የጎማውን ጠርዝ በአውራ ጣት መልሱ። መጨረሻው ላይ ይከብዳል፣ ቢሆንም በመፈንቀያ አታስገቡት፣ ትዩቡን ይበሳዋል።
6. ዙሪያውን እዩ፣ ትዩቡ በጎማና በቸርኬ መሀል ተቆንጥጦ የወጣበት ካለ አስተካክሉ። ከዛ ሙሉ።
7. ጎማውን መልሱ፣ አሽከርክሩት፣ ፍሬን መያዙን ሳታዩ አትውጡ።

ቤት ውስጥ አንዴ ተለማመዱት። መጀመሪያ 40 ደቂቃ ይፈጅባችኋል፣ ሁለተኛው ላይ 15።

ካቴና ከወለቀ፦ በእጅ ከመጎተታችሁ በፊት የኋላውን ማርሽ ክንድ ወደፊት ግፉት፣ ካቴናው ይላላል፣ በቅጠል ወይም በሶፍት ይዛችሁ ጥርሱ ላይ አስቀምጡና ፔዳሉን ቀስ አድርጋችሁ አዙሩ። ቅጠል ስል ግን የምታውቁትን ቅጠል፣ ምክንያቱም ፖይዝን አይቪ የሚባለው ሞልቷል፣ ሦስት ሦስት ሆኖ የሚወጣው። ከነካችሁ ቶሎ በሳሙናና በውሃ ታጠቡ፣ ዘይቱ ልብስና ሳይክል ላይም ይቆያል።

መጠገን ካልተቻለ፦ መኪና የሚገባባቸው ቦታዎች 19.6፣ 22.1፣ 22.7፣ 27.2 እና 30.8 ናቸው። ወደሚቀርበው ግፉ። ኡበር ላይ አትተማመኑ፣ ከመነሳታችሁ በፊት ትልቅ መኪና ላለው አንድ ጓደኛ «ከደወልኩ ና» በሉት።

ሰው ከወደቀ ወይም ሙቀት ከመታው፦ ራሱን ከመታ፣ ከተደናገረ፣ ከሳተ ወይም በዛ ሙቀት ላቡ ከቆመ 911 ደውሉ፣ የመጨረሻውን የማይል ቁጥርና ወደየት እየሄዳችሁ እንደነበር ንገሩ። ለዚህም ነው ቁጥሩን እያነበባችሁ መሄድ ያለባችሁ። እስኪመጡ ጥላ ውስጥ አድርጉት፣ ውሃ ገላው ላይ አፍስሱ።

እባብ ካያችሁ፦ ቁሙ፣ መርዘኛው ኮፐርሄድ እዚህ አለ፣ ራቅ ብላችሁ እስኪያልፍ ጠብቁ። በዱላ አትነካኩት።

ወንዙን አይታችሁ ደግሞ ልነከር እንዳትሉ። ላዩ የተኛ ይመስላል፣ ስሩ ግን ይጎትታል፣ ሰውም በየጊዜው ይወስዳል።

9. ቤት ስትደርሱ

መጀመሪያ መዥገር ፈልጉ፣ ሶፋ ላይ ከመቀመጣችሁ በፊት። ከጉልበት ጀርባ፣ ብሽሽት፣ ብብት፣ ከጆሮ ኋላ፣ ጸጉር ውስጥ፣ ልጆችን ደግሞ እናንተ እዩላቸው። በ2 ሰዓት ውስጥ ሻወር ውሰዱ፣ ልብሱን ሳታጥቡት በፊት በደረቁ ማድረቂያው ውስጥ ከፍተኛ ሙቀት ላይ 10 ደቂቃ አዙሩት፣ ይሞታሉ።

ተጣብቆ ካገኛችሁ በወረንጦ ቆዳው ጋ አስጠግታችሁ ያዙና ቀጥታ ወደ ላይ ሳቡ፣ አታጣሙት። ቫዝሊን፣ ክብሪት፣ ጋዝ ምናምን፣ አገር ቤት ከብት ላይ ያየነው ሁሉ ይቅር። ቦታውን በሳሙና ወይም በአልኮል ጥረጉ፣ ቀኑን ስልክ ላይ መዝግቡ። ከ3 እስከ 30 ቀን ባለው ጊዜ እየሰፋ የሚሄድ ቀይ ሽፍታ ወይም ትኩሳት ከመጣ ሐኪም ጋ ሂዱና መዥገር እንደነከሳችሁ ራሳችሁ ንገሩ፣ ጥቁር ቆዳ ላይ ቅላቱ ብዙም ስለማይታይ ሐኪሙ ሊያመልጠው ይችላል።

ሳይክሉን በጎማ ውሃ በኃይል አትምቱት፣ ጭቃው ይድረቅ፣ በብሩሽ አራግፉ፣ ካቴናውን ጥረጉና ዘይት ቀቡት፣ የተጠቀማችሁበት ትዩብ ካለ ዛሬውኑ ሌላ እዘዙ፣ ቫልቩን አይታችሁ።